ካባው ቀረጥ ይከፈልበታል

ቃሊቲ መናኸሪያ የታክሲ ሰልፍ ላይ ተገትሬ፣ ጊዜ ተርፎኝ የዓመቱን ምርጥና መናኛ የጀግና ኮሚኮች ልለይ ተነሣሁ። ዳኛው እኔ ብቻ ነኝ፤ ይግባኝ የለም።

ሱፐርማን ገና በጠዋቱ ወደቀ። እ.ኤ.አ. ከ1938 ጀምሮ ሲበር የኖረ ሰው ቃሊቲ ቢያርፍ ቀይ ካባው ጉምሩክ ደጃፍ «ልብስ ነው ወይስ ጨርቅ?» እየተባለ ይከርማል። የተወለደባት ፕላኔት ፈንድታለች፤ የስሪት አገር ማስረጃ ከየት ሊያመጣ ነው?

ባትማን ደግሞ ባለጠጋ ነው። ባለጠጋ በሌሊት መንደር ለመንደር ሲዞር ካየን እኛ ሰፈር ጀግና አንለውም፤ «መሬት እያየ ነው» እንላለን።

ምርጡ የኛው «ጀምበር» ነው፤ የብስራት ደበበ ኤታን ኮሚክስ በአማርኛም በእንግሊዝኛም ያሳተመው። የጀምበር ባለታሪክ አማኑኤል ጥላሁን ተመርቆ ሥራ ፍለጋ የሚንከራተት ወጣት ነው፤ ልዩ ኃይሉ የመጣው ኋላ ነው። እዚህ ላይ ደራሲው አገሩን ያውቃል። አንባቢ ልጁ ኃይል አገኘ ሲባል እሺ ይላል፤ በተመረቀ በሳምንቱ ሥራ አገኘ ቢባል ግን መጽሐፉን አጥፎ ይነሣል።

«ጀምበር እኮ የዘንድሮ አይደለም» ትሉኝ ይሆናል። ሰልፉስ መቼ የዘንድሮ ሆነ?

ከኋላዬ ዘንቢል የያዙ እናት የማጉተምተሜን ነገር ሲሰሙ ቆይተው ትከሻዬን ነካ አደረጉኝ።

«ልጄ፣ ይበራል የምትለው ሰውዬ ሳሪስ በስንት ያደርሳል?»