የኤፍ 2.8 ጣጣ

ኧረ የዘንድሮ ልጅ ጉድ ነው! ለሠርግ የሚሆን ሌንስ ምረጥ ቢሉት እንደ አማች እስከ ሰባት ቤት ዘሩን ይቆጥርለታል። የእህቴ ልጅ ጥር ገብቶ ሠርግ ተደራርቦበት፣ ሌሊቱን ስልኩ ላይ አፍጥጦ ያድርና «ጋሼ፣ ይኼኛው ጥጉ ላይ ትንሽ ይደበዝዛል አሉ» ይለኛል። ይደብዝዛ! የሠርግ ፎቶ ጥግ ላይ ምን አለ? የድንኳን ምሰሶና ቁርጥ ጎርሶ አፉን ያልዘጋ እንግዳ። እሱስ ቢደበዝዝ ለቤተሰቡ ክብር ነው።

ጠላትህ ጨለማው ነው እላለሁ፤ ማን ሰምቶኝ! ከካሜራው ጋር የሚመጣው ያ 18-55 ሌንስ፣ ዙም ባደረግከው ቁጥር ብርሃን እየሰሰተ ኤፍ 5.6 ላይ ቁጭ ይላል። ኤፍ 2.8 ከዚያ አራት እጥፍ ያስገባል። በዚያው አዳራሽ፣ በዚያው አይኤስኦ፣ አንዱ በሰከንድ 1/60ኛ ሲንቀረፈፍ ሌላው በ1/250ኛ ቀጭ ያደርገዋል። እስክስታ በ1/60ኛ አንስታችሁ ታውቃላችሁ? ሙሽራው ትከሻ የለውም፤ ከአንገቱ በታች ጭስ ነው።

«ማረጋጊያ አለው እኮ ጋሼ» ይለኛል ደግሞ። ማረጋጊያው የሚያረጋጋው የእኔን የሽማግሌ እጅ ነው እንጂ የጨፋሪውን ትከሻ ነው እንዴ?

አለላችሁ ደግሞ፣ ካኖን በ2018 ያወጣው 28-70 ኤፍ 2። ብርሃኑ ግሩም፣ ክብደቱ 1,430 ግራም! ካሜራው ሳይቆጠር። ጠዋት ከሙሽራዋ ቤት ጀምሮ ማታ ኬክ እስኪቆረስ ያንን አንጠልጥሎ የዋለ አንገት፣ ለመልሱ ቀና ቢል ይገርመኛል። አንዱ ጎረምሳ እንዲህ ያለውን ሌንስ ወለል አድርጎ ከፍቶ፣ ቤተ ዘመዱን በሁለት ረድፍ አቁሞ አነሣቸው። የፊተኞቹ ሽፋሽፍት አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ የኋለኞቹ ጉም ሆነዋል። ከጉሙ መሀል የሙሽራዋ አክስት ነበሩ። ቀሪውን ሂሳብ የሚከፍሉትም እሳቸው።

ታምሮን በዚያው ዓመት ለሶኒ ካሜራ ያወጣው 28-75 ኤፍ 2.8 ደግሞ 550 ግራም ብቻ ነው፤ ዋጋውም ከራሱ ከሶኒው በብዙ ይቀንሳል። ባርኬዋለሁ። ግን ከ28 ነው የሚጀምረው። ከ24 ጋር ያላት ልዩነት አራት ሚሊሜትር ናት፣ ምን ታመጣለች ትሉ ይሆናል። ሙሽሮቹ የወላጅ ጉልበት ሊስሙ ጎንበስ ሲሉ፣ ሳሎኑ ታጭቆ፣ ጀርባችሁ ከቡፌው ተጣብቆ፣ ብርጭቆው ከኋላ ሲንጫጫ ታዩዋታላችሁ። ወይ ጉልበቱ ይቆረጣል፣ ወይ ሳሚው። ወደ ኋላ እንዳትሉ ቡፌው የባለቤቷ የዕድሜ ልክ ጥሪት ነው።

ስለዚህ 24-70 ኤፍ 2.8 ግዛ፣ ያገለገለም ቢሆን፣ አልኩት። ለተክሊሉ 70-200 ተዋስ፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ዲያቆኑ ከሩቅ ነው የሚያቆምህ፣ ፍላሽህንም በዓይኑ ያጠፋዋል። ሁለቱን ለመግዛት ከሆነ ግን መጀመሪያ የራስህን ሠርግ አራዝም።

ጭንቅላቱን እየነቀነቀ ሰማኝ። በማግስቱ ሰማያዊ ድንኳን ውስጥ ገባ። የቀትር ፀሐይ በሸራው አልፋ ሙሽራዋም፣ የሽማግሌዎቹ ጋቢም፣ ዶሮ ወጡም ሰማያዊ ሆነው ቁጭ አሉ። ሥራውን ትቶ ደወለልኝ።

«ጋሼ፣ ለዚህስ የቱ ሌንስ ይሻላል?»

«ለእሱ ድንኳን አከራዩን ጠይቅ!» አልኩና ዘጋሁበት።