እያረጀ የሚወደድ መኪና ብቻ ነው

ድሮ በዚህ አገር ዕድሜው ሲገፋ ክብሩ የሚጨምር ሽማግሌ ነበር። ያ ቀርቷል። እኔ ባለፈው ክረምት ጉልበቴን ታምሜ ከዘራ ስይዝ በቤቴ ውስጥ ያለኝ ቃል በግማሽ ቀነሰ፤ የጎረቤቴ ኮሮላ ግን በዚያው ክረምት ዋጋዋ ጨመረ። የፊት በሯ መስተዋት አይወርድም፤ የኋላ በሯ የሚከፈተው ከውጭ ብቻ ነው፤ ጠዋት ስትነሣ ከእኔ ብሳ ታስላለች። ጎረቤቴ ዛሬ ቢሸጣት ግን ድሮ ከገዛባት ብዙ እጥፍ ይቀበላል። እኔን ማን ይጨምርብኛል? "አባዬ፣ አንተ አርፈህ ተቀመጥ" ነው የሚሉኝ።

እኛ ቤት የመኪና ወሬ የገባው ቡና ዋጋ ሲያወጣ ነው። በ2017 በጀት ዓመት አገሪቱ ከቡና ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ አገኘች ተባለ። ሚዛን ከተማ እኛ ዘንድ የደረሰው በጀንፈል ጆንያ የሚቆጠር ነው፤ የልጆቼ ሐሳብ ግን በቢሊዮኑ ልክ አበጠ። ሚስቴ ቤተ ክርስቲያንና ለቅሶ ስትሄድ ባጃጅ ነጠላዋ ላይ ጭቃ እንዳይረጭባት ትፈልጋለች። ትልቋ ልጄ ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች፤ አንድ ቀን ሚዛን አንድ ቀን ቴፒ ስትል ወገቧ አለቀ። አዲስ አበባ ያለው ወንድሟ ደግሞ ማታ ማታ በቴሌግራም የመኪና ፎቶ ይልክልናል። የተፈለገችው አራት በር ያላት፣ አምስት ሰው የምትይዝ፣ ከኋላዋ ዕቃ መጫኛ ያላት፣ ብዙ ያልገዘፈች ብዙም ያላነሰች አውቶሞቢል ናት። አዲስ ትሁን ያገለገለች? በዚህ ላይ ከአቦል እስከ በረካ ተጨቃጨቁ፤ የእኔን ሐሳብ የጠየቀ የለም። ሳይጠይቁኝ እናገራለሁ።

አዲስ ማለት ዛሬ ኤሌክትሪክ ማለት ነው። በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ የትራንስፖርት ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ በቤንዚንና በናፍጣ የምትሄድ የቤት አውቶሞቢል ከእንግዲህ ወደ አገር አትገባም አሉ። ነዳጅ የሚበላው የውጭ ምንዛሪ ከአቅማችን በላይ ሆኗል፤ በዚያ ላይ መብራቱ የራሳችን ነው፤ ክፉ ሐሳብ አይደለም። እንዲህ ያለ እገዳ በማውጣት ከዓለም ቀዳሚ ሆናችሁ ተባልን። ከሩጫ ሌላ በምንም አንደኛ ወጥተን ስለማናውቅ ልጆቼ ደስ አላቸው። ከዚያ በፊትም ቢሆን የኤክሳይስ ታክስ አዋጁ፣ ያ ቁጥር 1186/2012 የሚሉት፣ ያረጀ መኪና ከውጭ እንዳይገባ ግብሩን ሰማይ ሰቅሎት ነበር። አሮጌ ነገር ላይ እንዲህ የጨከነ አዋጅ ሲነበብ ስሰማ ለራሴም ፈራሁ።

ልጄ የላከው የኤሌክትሪክ መኪና ወረቀት አንድ ጊዜ ከሞሏት 400 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች ይላል። ይሁን። ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ገደማ ነው። ከጅማ ቦንጋ፣ ከቦንጋ በዋቻና በሺሺንዳ አድርጎ ሚዛን ሲደረስ ጠቅላላው 560 ያህል ይሆናል። እንግዲህ ወረቀቱ እውነት ከሆነ መኪናዋ ጅማን አልፋ ጥቂት ትሄድና ከጦጣ ጋር ታድራለች። ወረቀቱን የጻፉት ቻይናዎች ደግሞ በለጥ ባለ መንገድ የለኳት ይመስለኛል፤ የኋላ ወንበሯ ላይ ሚስቴ፣ እህቷና አንድ እንስራ ማር አልነበሩም። "አባዬ፣ ቁልቁለት ስትወርድ ራሷን ትሞላለች እኮ" አለኝ ልጄ። እውነቱን ነው፣ ጠይቄ አረጋግጫለሁ። ግን ወልቂጤን አልፎ ጊቤ የሚወርድ ሁሉ ከወንዙ ማዶ ያንኑ ያህል መውጣት አለበት። ስትወርድ የለቀመችውን ስትወጣ ከነወለዱ ትከፍላለች።

በዚህ የሚያንገበግበኝ ሌላ ነገር አለ። የጅማ መንገደኛ የግልገል ጊቤን የመብራት ግድብ በቅርብ ርቀት ትቶ ነው የሚያልፈው። የህዳሴው ግድብ በጳጉሜን 2017 ተመርቆ 5,150 ሜጋ ዋት ያመነጫል ተብሏል። እኔም እንደ ሰው ቦንድ ገዝቼ አጨብጭቤያለሁ። ሚዛን ላይ ግን ሰማዩ ገና ሲያጉረመርም መብራቱ ይጠፋል፤ እኛ አገር ደግሞ ሰማዩ የማያጉረመርምባቸው ወራት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። "ሌሊት ሰክተህ ታድራለህ፣ ጠዋት ሞልታ ታገኛታለህ" ይሉኛል። ሌሊት ሰክቼ አድሬ ጠዋት ስልኬ እንኳ ሞልቶ ያላገኘሁት ሰው ነኝ።

አዲስና አሮጌ የሚባለው ራሱ አይገባኝም። ወደዚህ አገር የገባችውን የመጀመሪያዋን መኪና ቤዴ ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ነው በ1900 ዓ.ም. ገደማ ለዐፄ ምኒልክ ያመጣት። ሲድሌይ ትባል ነበር። ከጅቡቲ ተነሥታ በረሃውንና ገደሉን ወራት ፈጅታ ነው አዲስ አበባ የደረሰችው። እንግዲህ ንጉሠ ነገሥቱ የተረከቧት አዲስ ናት ያገለገለች? ምኒልክ ግን ገብተው ተሳፈሩባት እንጂ ኪሎ ሜትሯ ስንት ነው ብለው አልተጨነቁም። የምኒልክ ዘመን ሰው መሆን ነበረብኝ።

ወደ ያገለገለችዋ እንምጣ፤ ጉዱ ያለው እዚያ ነው።

ልጄ እንደምታስረዳኝ ውጭ አገር አዲስ መኪና ከመሸጫው በር ስትወጣ ጀምሮ ዋጋዋ ይወርዳል፤ በየዓመቱም ይቀንሳል፤ በመጨረሻ በብረት ዋጋ ትሄዳለች። ያ ተፈጥሮ ነው፤ እኔንም እንዲሁ አድርጎኛል። እኛ ዘንድ ግን ብሩ ወደቀ። በሐምሌ 2016 ዶላሩ በገበያ ይወሰን ሲባል 57 ብር አካባቢ የነበረው በሳምንታት ውስጥ መቶውን ዘለለ። ያኔ ግቢው ውስጥ ሸራ አልብሶ መኪና ያቆመ ሰው ተኝቶ ሀብታም ሆኖ ተነሣ። የቤንዚን አውቶሞቢል መግባቷ ሲቆም ደግሞ የቀሩት ባለቤቶች አፍንጫቸውን ነፉ፤ ከእንግዲህ ያለችው ያለችው ናት። ያቺ የምታስለው ኮሮላ ዛሬ ዋጋዋ በሚሊዮን የሚጠራው በዚህ ነው። ቪትዝ እንኳ፣ ያቺ ጉልበቴን አገጬ ላይ የምታስደግፈኝ፣ በሚሊዮን ትጠራለች። ደላላው ሲጠራው ደግሞ ድምፁ አይንቀጠቀጥም።

ደላላው አማን ከተማ ላይ አንድ መኪና ሊያሳየን ቀጠሮ የሰጠን ዝናብ እየዘነበ ነው። አማቼ ብልህ ነው፤ ጆሮዬ ላይ "በዝናብ የሚያሳየው ቀለሙን ሊደብቅ ነው" አለኝ። እርጥብ ቀለም ሁሉ ያበራል። ነጭ ያሪስ ናት፣ አውቶሞቢሏ፤ አራት በር። ደላላው ጃንጥላ ያዘልኝና ጀመረ። "ፋዘር፣ ይቺ ለሥራ ያልገባች የሴት መኪና ናት። አንድ እጅ ናት። ቀለሟ ኦሪጅናል። ከቢሮ ቤት፣ ከቤት ቢሮ ብቻ ነው የሄደችው። ነዳጅ ታሸታለች እንጂ አትጠጣም።" ፋዘር ያለኝን ይቅር ብያለሁ፤ አባባ ቢለኝ ዋጋው አይቀንስም። አማቼ ዝም ብሎ ከኪሱ ከአሮጌ ሬዲዮ ድምፅ ማጉያ የፈታውን ማግኔት አወጣና በሩ ላይ ለጠፈው፤ ያዘ። ወደ ኋላ ፓራፋንጎው ወስዶ ሲለጥፈው ማግኔቱ ተንሸራቶ ጭቃ ውስጥ ወደቀ። በጣቱ አንጓ ሲያንኳኳው እንደ ብረት አልጮኸም፤ ድፍን ድምፅ ነው የሰጠው። ከቀለሙ ሥር የቀረው ስቱኮ ነው። ደላላው ሳቅ አለና "እሱ ትንሽ መነካካት ነው ፋዘር፣ አዲስ አበባ ያልተነካ ማን አለ?" አለ።

እኔ ደግሞ የኋላ ኮፈኗን አስከፈትኩ። ሽማግሌ ምንም ባያውቅ ሽታ ያውቃል። ላስቲክ ምንጣፉን በከዘራዬ ጫፍ ገለጥ ሳደርገው ከጥጉ ውስጥ የደረቀ ጀንፈል ፍሬ፣ የኮረሪማ ገለባና የጆንያ ክር ተገኘ። "ቢሮዋ ቡና መፈልፈያ ውስጥ ነበር እንዴ?" አልኩት። እንዲህ ሆዷ ከመሬት አሥራ አምስት ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ያለችን መኪና፣ ከአስፋልት ወጥታ ቀበሌ ድረስ ወርዳ ቡና ሲያሸክሟት ከርመው የሴት መኪና ይላሉ! ሴቲቱ ነጋዴ ነበረች ማለት ነው።

ቆጣሪዋ 84 ሺህ ይላል። አባቴ በቅሎ ሲገዛ ከንፈሯን ገልጦ ጥርሷን ያያል፤ ከዚያ ዕድሜዋን ለሻጩ ይነግረዋል እንጂ አይጠይቀውም። በቅሎ ጥርሷን ወደ ኋላ አታስመልስም። የመኪና ቆጣሪ ግን ላፕቶፕ የያዘ አንድ ጎረምሳ ሻይ እስኪጠጣ ድረስ ይመልሰዋል አሉኝ። የፔዳሏን ላስቲክ ያየ ሰው አይታለልም፤ ፍሬን የሚረገጥበት አልቆ ብረቱ ብልጭ ብልጭ ይላል። በ84 ሺህ ኪሎ ሜትር እንዲህ የሚያልቅ ከሆነ ሴቲቱ መንገዱን ሁሉ ፍሬን እየያዘች ነው የመጣችው።

ሊብሬዋ ይምጣ ብንል በሌላ ሰው ስም ነው። ባለ ስሙ ውጭ አገር ነው፤ ለወንድሙ ውክልና ሰጥቷል፤ ወንድሙ ለሌላ ሰው ወክሏል፤ ያ ሌላው ሰው ጫት ቤት ነው፣ ይመጣል። እኔ በሽምግልና ዘመኔ ያስታረቅኋቸው ባልና ሚስት እንኳ ይህን ያህል ወኪል አልነበራቸውም። ዕዳና እገዳዋ ይጣራ፣ ስም ይዞር፣ ቦሎዋ ይታይ፣ ሦስተኛ ወገን ኢንሹራንሱ ይታደስ። ይህ ሁሉ የሚከፈለው ለመኪና አይደለም፤ የመኪናዋ ባለቤት ነኝ ለማለት ነው።

ደግሞ ልጆቼ አምስት ሰው ይሉኛል። አምስት ሰው የሚባለው የት አገር ነው? ማሻ ከተማ ለቅሶ ሲደርስ ከእኛ ግቢ ብቻ ስንት ሰው ነው የሚወጣው? ሚስቴ ከፊት፤ ከኋላ የሚስቴ እህት፣ የእድሯ ሰብሳቢ፣ ጎረቤታችንና የጎረቤታችን ልጅ፤ ልጁ ላይ ደግሞ ሌላ ልጅ። የኋላ ኮፈኗ ውስጥ ቆጮና ጎደሬ፤ ጣሪያዋ ላይ የእድር ድንኳን ምሰሶ በገመድ ታስሮ፣ ጫፉ ላይ ቀይ ጨርቅ። እኔ? እኔ በቅጥቅጥ እከተላችኋለሁ፤ ጉልበቴን ታምሜያለሁና መዘርጋት አለብኝ። መኪና ያለው ሰው እኛ ከተማ ሌሊት ሌሊትም የእሱ አይደለም። ምጥ የያዛት፣ ወባ የጣለው፣ ሚስቱ የኮረፈችበት ሁሉ በር ያንኳኳል። እንቢ አይባልም። ቤንዚኑን ግን የሚጠይቅህ የለም፤ ሊትሩ ከመቶ ብር አልፎ ማደያው ሲደርቅ በሃይላንድ ጠርሙስ እየተለካ መንገድ ዳር የሚሸጠውን ቤንዚን።

ያሪሷ አልተገዛችም። ወኪሉ ከጫት ቤት ሳይመጣ ሌላ ገዢ መጣና ማግኔት ሳይዝ፣ ምንጣፍ ሳይገልጥ፣ እኛ ከተጠየቅነው በላይ ከፍሎ ወሰዳት። ዛሬ ቢሸጣት ያተርፋል ይላሉ። ልጆቼ የሚወቅሱት ከዘራዬን ነው።

አሁን ነገሩ ወደ ኤሌክትሪኳ ተመልሷል። ልጄ በቪዲዮ አሳየኝ፤ ቀለሟ ነጭ ነው፣ ነጭ ሲሸጥ ይፈለጋል አለኝ። ገና ሳትገዛ መሸጫዋን ማሰብ ይወዳሉ። እኔ የጠየቅሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ባትሪዋ። ሻጩ በስልክ "ለስምንት ዓመት ዋስትና አለው አባባ" አለኝ። ይሄኛው አባባ ማለትን ያውቃል። ከስምንት ዓመት በኋላስ አልኩት፣ ሌላ ባትሪ ስንት ነው? ትንሽ ዝም አለና "እሱን እንኳ ልጆችዎ ይደርሱበታል" አለኝ።