ስለ እግር ሥር ፌስታል፦ በሜልበርንና በሲድኒ መካከል በሚደረገው የቤተሰብ ጉዞ ላይ የቀረበ ጥናት

በአውስትራሊያ ከሚኖሩ ኢትዮጵያውያን መካከል ትልቁ ቁጥር የሚገኘው በሜልበርንና በአካባቢዋ ሲሆን፣ ከእነዚህ ቤተሰቦች ብዙዎቹ በሲድኒ አንድ እህት፣ አንድ የክርስትና እናት፣ ወይም ዝምድናዋ በውል ባይታወቅም ሳይጠይቋት ቢቀሩ የምትቀየም አንዲት ሴት ስላለቻቸው፣ ሁለቱን ከተሞች የሚያገናኘው የሂዩም አውራ ጎዳና ለዚህ ጥናት ዋና መስክ ሆኖ ተመርጧል። ከከተማ እስከ ከተማ መንገዱ ወደ 880 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፤ በአብዛኛው ክፍሉ በሰዓት እስከ 110 ኪሎ ሜትር መንዳት ስለሚፈቀድም ዘጠኝ ሰዓት ግድም ይበቃዋል ተብሎ ይሰላል። በዚህ ጽሑፍ «የቤተሰብ ጉዞ» ሲባል ከአንድ ቤት የወጡ፣ ከአራት የማያንሱ ሰዎች በአንድ መኪና ሆነው ምግብ ወደ ሞላበት ቤት ምግብ ጭነው የሚያደርጉት እንቅስቃሴ ማለት ነው። በመጨረሻው ላይ የዘመድ ቤት የሌለበት ጉዞ በዚህ ትርጓሜ አይካተትም፤ ሆቴል አድሮ የሚመለስ ቤተሰብ ቱሪስት ነው፣ ቱሪስት ደግሞ የራሱ ተመራማሪዎች አሉት።

ጉዞዎች በምክንያታቸው በሦስት ይከፈላሉ። የለቅሶ ጉዞ በሌሊት የሚጀመር፣ ማንም ፎቶ የማይነሳበትና ዘጠኙ ሰዓት በእርግጥም ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ የሚገኝበት ብቸኛው ዓይነት ነው። የሠርግና የክርስትና ጉዞ በልብስ ብዛት ይታወቃል፤ የሀበሻ ቀሚስ እንዳይጨማደድ ከኋላ ስለሚሰቀል ሹፌሩ የሚከተለውን መኪና በጥለት አሻግሮ ማየትን ይለምዳል። ሦስተኛው «ሀገር የማሳየት ጉዞ» የሚባለው ሲሆን፣ ከኢትዮጵያ ለጉብኝት የመጡ አያት ተሳፋሪ የሆኑበት ነው፤ ሀገሩ ለአያት ይታያል ቢባልም፣ ወረድ ብሎ እንደሚገለጸው፣ ፍርድ የሚሰጡት እሳቸው ናቸው።

የመነሻ ሰዓት ጉዳይ ብዙ ምርምር አይጠይቅም። አባወራው ከዋዜማው ጀምሮ «በ11 ሰዓት እንነሳለን» ሲል እንደ ሀገሩ አቆጣጠር ንጋትን ማለቱ ነው፤ በሜልበርን የተወለዱት ልጆች ግን 11 ሰዓት ሲባል የሚረዱት ረፋዱ አልቆ ቀትር ሊሆን አንድ ሰዓት ሲቀረው ነው። አባወራው ይህን የልጆቹን ስሕተት ለዓመታት ሲያርም ቢኖርም፣ መኪናው ከግቢ የሚወጣው፣ ከለቅሶ ጉዞ በቀር፣ ሁልጊዜ ልጆቹ በተረዱት ሰዓት ስለሆነ እርማቱ እስካሁን ሥር አልሰደደም። በመሀል ያሉት ስድስት ሰዓታት የት እንደሚገቡ በከፊል ይታወቃል፦ እማወራዋ በቤቱ ውስጥ አንድ ሰሃን ሳይታጠብ አትወጣም፤ ቤቱ ተቆልፎ ሳለ ሰሃኑን የሚያይ ሰው ማን እንደሆነ ግን በማንኛውም ምንጭ አልተገለጸም።

በዚህ ጊዜ ውስጥ ከሲድኒ ስልክ መደወል ይጀምራል። እዚያ እንግዶቹን ለምትጠብቀው ዘመድ፣ ለተቀባይዋ፣ «የት ደረሳችሁ?» ጥያቄ ሦስት የታወቁ መልሶች አሉ። «ወጥተናል» ማለት አባወራው ገላውን እየታጠበ ነው ማለት ሲሆን፣ «መንገድ ላይ ነን» ማለት መኪናው ገና እዚያው ሜልበርን፣ ፉትስክሬይ ሰፈር ቆሞ እንጀራ እየተገዛ ነው ማለት ነው፤ «ደርሰናል» የሚለው መልስ ደግሞ ከጎልበርን ከተማ፣ ማለትም ከሲድኒ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ፣ የሚሰጥ ነው። ተቀባይዋም ከሜልበርን ወደ ሲድኒ የተዛወረች በመሆኗ እነዚህን መልሶች አሳምራ ታውቃለች፤ ቢሆንም «ደርሰናል» ሲባል ወጡን ታሞቃለች፣ ከዚያም ታወርዳለች፣ ደግማም ታሞቃለች።

ስንቅን በተመለከተ፣ በኋላው የዕቃ መጫኛ የሚቀመጠው የበረዶ ሣጥንና ለተቀባይዋ በስጦታ የሚሄደው በርበሬና ሽሮ (ሲድኒ ውስጥ በየሱቁ የሚሸጥ ነው) ብዙ የሚያነጋግር ነገር ስለሌላቸው ይታለፋሉ። የጥናቱ ማዕከል በጋቢና፣ በእማወራዋ ሁለት እግሮች መካከል የሚቀመጠው ፌስታል ነው።

የእግር ሥር ፌስታል በውስጡ ቢያንስ አምስት ነገሮችን ይይዛል፦ ቆሎ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ሶፍት፣ ሎሚ እና ሌላ ባዶ ፌስታል። ሎሚው ለሚያጥወለውለው ሰው ማሽተቻ፣ ባዶው ፌስታል ሎሚው ያልሠራለት ሰው መጠጊያ ነው። የሜልበርን ግዛት ቪክቶሪያ እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2019 ጀምሮ ሱቆች ስስ ፌስታል እንዳይሰጡ ስለከለከለች፣ ዛሬ በጋቢና የሚታየው ፌስታል ወይ ከእገዳው በፊት ከማድቤት ማጠቢያው ሥር ፌስታል በፌስታል ውስጥ ተጠራቅሞ የቆየ፣ ወይ ከአዲስ አበባ በርበሬ ጠቅልሎ የመጣ ነው፤ ሁለተኛው በጠረኑ ስለሚለይ ለማስመለሻ አይመደብም፣ የተመደበ እንደሆነም ተጠቃሚው ከማስመለሱ በፊት ያስነጥሰዋል። የፌስታሉ ቋጠሮ ሲፈታ የሚያሰማው ኮሽታ የተለየ ጠባይ አለው፤ የጭነት መኪና ጡሩምባም ሆነ የአባወራው ዘፈን ያላነቃው፣ ከኋላ ረድፍ ለሦስት ሰዓት የተኛ ልጅ በዚህ ድምፅ ነቅቶ እጁን ይዘረጋል።

ከይዘቶቹ ሁሉ ውስብስቡ የቆሎ ሥርጭት ነው። ቪክቶሪያ እ.ኤ.አ. በ1970 የመቀመጫ ቀበቶን በሕግ በማስገደድ ከዓለም ቀዳሚ በመሆኗ፣ ቀበቶ ያሰረች እማወራ ወደ ኋላ ዞራ ለየልጁ ማደል አልቻለችም፤ ስለዚህ ቆሎ ለመካከለኛው ረድፍ ታላቅ ልጅ ይሰጥና በቅብብሎሽ ወደ ኋላ ይሄዳል። በእያንዳንዱ እጅ ላይ ጥቂት ስለሚቀር፣ የመጨረሻዋ ታናሽ ዘንድ ሲደርስ ኦቾሎኒው አልቆ ሱፉም ተመናምኖ ገብስ ብቻ ይሆናል። ታናሽ ይህን ለእናቷ ስታመለክት «ገብስ ያጠነክራል» የሚል ውሳኔ ይሰጣታል፤ ይግባኝ የለውም።

ለኋላ ወንበር ይህ ከበቃ፣ ለሹፌሩ ቆሎ ማቀበል ግን በኢትዮጵያ ያልነበረ፣ አውስትራሊያ የወለደችው ችግር ነው። በኢትዮጵያ መኪና መንገዱን በቀኝ ይዞ ስለሚሄድ መሪው በግራ ነው፤ ስለዚህ ሹፌሩ በጋቢና ወደ ተቀመጠው ሰው የሚዘረጋው ቀኝ እጁን ሲሆን፣ የሚበላውም በዚያው ስለሆነ ነገሩ ተስማምቶ ይኖር ነበር። በአውስትራሊያ መሪው በቀኝ በመሆኑ እማወራዋ በሹፌሩ ግራ ትቀመጣለች፤ ለቆሎው ቅርብ የሆነው እጅም ምግብ ይቀበልበት ዘንድ ማንም ያላሳደገው ግራ እጅ ነው። በዚህ ጉዳይ ሦስት ወገኖች ተፈጥረዋል። ባለ ግራዎች «ግራዬን ይቅርታ» ብለው ይቀበላሉ፣ እማወራዋም ባይከፋትም ቆሎውን ጠብ አድርጋ እንጂ ሞልታ አትሰጥም። ባለ ቀኞች ቀኝ እጃቸውን በመሪው ላይ አሻግረው ይቀበላሉ፤ በዚህ ጊዜ መኪናው ወደ መንገዱ ዳር አዘንብሎ በተሸረከተው መስመር ላይ ስለሚያንጎራጉር፣ መስመሩ የሚያንቀላፋን ሹፌር እንዲቀሰቅስ ቢሠራም በዚህ ቤተሰብ ዘንድ ቆሎ መታደሉን ያበሥራል።

ሦስተኛው ወገን የጉርሻ ወገን ነው። እማወራዋ ከእፍኟ ላይ እንክርዳድና ያልፈካውን ሽምብራ ለቅማ ካወጣች በኋላ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ላይ ላልነቀለው ባሏ በአፉ ታጎርሰዋለች፤ እሱም ሳያያት አፉን ይከፍታል። ቤት ውስጥ አንዱ ማታ ሌላው ቀን ስለሚሠራ በአንድ ገበታ መቀመጥ ብርቅ የሆነባቸው እነዚህ ባልና ሚስት፣ በቤናላና በዋንጋራታ መካከል በሰዓት 110 ኪሎ ሜትር እየበረሩ ይጎራረሳሉ። ልጆቹ በጆሮ ማዳመጫቸው ተሸፍነው ያላዩ ይመስላሉ፤ ይሁን እንጂ ከኋላ «ኧረ በቃችሁ!» የሚል ድምፅ መሰማቱ አይቶ እንዳላየ መሆን ከባድ ሥራ መሆኑን ያሳያል። ጥናቱ ከሦስቱ ወገኖች ለማንኛቸውም ማድላት አይገባውም፤ ሦስተኛው ግን የተሻለ ነው።

የወደቀው ቆሎ መጨረሻው የሕፃኑ መቀመጫ ነው። ሕጉ ከሰባት ዓመት በታች ያለ ልጅ በተፈቀደ የልጅ መቀመጫ እንዲታሰር ስለሚያዝ፣ በእያንዳንዱ መኪና ውስጥ ስፌቱና ስንጥቁ የበዛ እንዲህ ያለ መቀመጫ ይገኛል፤ ይህም ከቅርስ ጥናት አንጻር ሲታይ በደንብ የተጠበቀ የቁፋሮ ቦታ ነው። የላይኛው ንጣፍ ያለፈውን ፋሲካ ሱፍ፣ የመካከለኛው የደረቀ ዳቦ ቆሎ፣ የታችኛው ደግሞ ከታናሽ በፊት ታላቅ ይቀመጥበት በነበረበት ዘመን የወደቀ ሽምብራ ይይዛል። አባወራው መኪናውን ለመሸጥ ሲያጸዳ ከዚህ ንጣፍ አንዲት ፍሬ አንስቶ ወደ አፉ መስደዱ የተለመደ ሲሆን፣ ይህ ድርጊት የቅርስ ማጥፋት ይሁን የቅርስ ጥበቃ አልተወሰነም።

በእግር ሥር ፌስታል ውስጥ መንደሪን የገባ እንደሆነና ጉዞው ወደ ሲድኒ ሳይሆን ወደ አዴላይድ የሆነ እንደሆነ፣ የደቡብ አውስትራሊያ ግዛት የፍራፍሬ ዝንብ እንዳይገባባት ስለምትጠነቀቅ ጥሬ ፍራፍሬና አትክልት ድንበሯን እንዳይሻገር ትከለክላለች፤ ከመንገዱ ዳርም መጣያ ተዘጋጅቷል። ምግብ መጣል ነውር ስለሆነ መኪናው ከመጣያው አጠገብ ይቆምና የሁለት ኪሎ መንደሪን ቅበላ ይደረጋል፤ አያት ካሉ ስንጉን ቃሪያም ይጨርሱታል። መጣያው የሚደርሰው ልጣጩና ግንዱ ብቻ ነው።

የማረፊያ ቦታዎች ቁጥር በቡና ሥርዓት የተወሰነ ነው። በትምህርት ቤት ዕረፍትና በበዓላት ሰሞን በጎ ፈቃደኞች በመንገድ ዳር ድንኳን ተክለው፣ ሹፌሮች እንዳያንቀላፉ ቡናና ሻይ ከብስኩት ጋር በነፃ ያድላሉ፤ ሥራው የተመሰገነ ነው፣ ቡናው ግን በሙቅ ውሃ የሚበጠበጥ ዱቄት ነው። እማወራዋ ሰዎቹን አመስግና፣ ብስኩቱን ለልጆች ተቀብላ፣ ወደ መኪናው ተመልሳ ፔርሙዟን ትከፍታለች። አቦል ዩሮዋ፣ ቶና አልበሪ የመሪ ወንዝን ከተሻገሩ በኋላ፣ በረካ ጉንዳጋይ ይጠጣል። አባወራው ጊዜ ለመቆጠብ ከቶና በኋላ በቀጥታ እንንዳ ቢል፣ በረካ ያልተጠጣበት መንገድ ላይ ለሚደርሰው ነገር ኃላፊነቱን መውሰዱ ይጠየቃል፤ እስካሁን የወሰደ የለም።

ከላይ የተጠቀሱት አያት በመንገዱ ላይ በስስት የሚመለከቱት መሬቱን ነው፤ ሰዓታት ሙሉ ሰው ያልታየበትን ሜዳ አይተው «ይሄን ሁሉ ማን ያርሰዋል?» ብለው ይጠይቃሉ፣ አጥሩን ሲያዩ ባለቤት እንዳለው ይረዳሉ፣ ባለቤቱንም ባለማየታቸው ያዝኑለታል። በሆልብሩክ ከባሕር እጅግ ርቆ በሣር ላይ የተቀመጠው ሰርጓጅ መርከብ አያስደንቃቸውም፤ ኖኅም ያቆመው ተራራ ላይ ነው። ቆም ብለው የሚመረምሩት በጎልበርን ያለውን የሲሚንቶ በግ ነው። ይህ እ.ኤ.አ. በ1985 የተሠራው፣ ከፍታው 15 ሜትር የሚሆነው የሜሪኖ በግ የሀገሩ የሱፍ ሀብት መታሰቢያ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ለመንገደኛ እንዲቀርብ ወደ አውራ ጎዳናው ተጠግቶ ተተክሏል። ልጆቹ ከፊቱ ፎቶ ሲነሱ አያት ነጠላቸውን አደግድገው ወደ ኋላው ይዞራሉ፤ ገበያ የሚያውቅ ሰው በግን ከኋላ ነው የሚያየው። በዚያም ሁለት ነገር ያረጋግጣሉ። አንደኛ፣ በጉ ላት የለውም። ሁለተኛ፣ ሙክት አለመሆኑ ለጥርጣሬ በማይመች ግዝፈት ተቀርጿል። ለፋሲካ እንደማይሆን ተናግረው ወደ መኪናው ይገባሉ፤ በዚህ ጊዜ አባወራው ስልኩን አንስቶ «ደርሰናል» እያለ ነው።

የመልሱ ጉዞ በዚሁ ሥርዓት ሊመደብ ታስቦ ነበር። ነገር ግን ተቀባይዋ በስንብት ላይ የራሷን ፌስታል በግድ ስለምትጨምር በጋቢና ሁለት ፌስታል ይሆናል፣ እማወራዋም እግሯን የምታሳርፍበት አታገኝም፣ አመዳደቡም በዚሁ ይፈርሳል። ከዚህም በላይ ከሹፌሩ በቀር ሁሉም ስለሚተኛ ምስክር አይገኝም። ብቸኛው የጽሑፍ ምንጭ ከተመለሱ ሳምንታት በኋላ በፖስታ የሚደርሰው የፍጥነት ካሜራ ደብዳቤ ሲሆን፣ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ፍጥነቱን በትክክል ስለሚመዘግብ እጅግ አስተማማኝ ነው። ሆኖም መኪናው በእማወራዋ ስም የተመዘገበ በመሆኑ ደብዳቤው ቀድሞ የሚገባው በእሷ እጅ ነው፤ ከዚያ ቀጥሎ በማድቤት የሚደረገው ውይይት ከመንገድ ጥናት ወሰን ውጭ ነው።