ዓይን ቆጠራ በአይከል፤ መነሻ ጥናት

የጥናቱ መስክ ከጎንደር ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው የጭልጋዋ አይከል ናት። የሚጠናው ቁስ የአንድ ፎቶ ቤት መስታወት ነው። መለኪያው ግን የተዋስነው ከጎንደር ሠዓሊዎች ነው።

የሠዓሊዎቹ ሕግ አጭር ነው። ጻድቅ ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ በሁለት ዓይኑ ያያል። ሰይጣን፣ ኃጥእና ይሁዳ በጎናቸው ይሣላሉ፤ የሚደርሳቸውም አንድ አንድ ዓይን ነው። አፄ አድያም ሰገድ ኢያሱ ጎንደር ባሠሯት ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ የተደረደሩት መላእክት ሁሉ ባለ ሁለት ዓይን ናቸው። ምእመኑ ማንን እንደሚወድ ማንን እንደሚጠላ ለማወቅ ፊደል መቁጠር አላስፈለገውም፤ ዓይን መቁጠር በቅቶታል።

ይህን ይዘን ወደ መስታወቱ ስንቀርብ ውጤቱ አሳሳቢ ሆነ። ለመታወቂያ የሚፈለገው ጉርድ ፎቶ ፊት ለፊት የተነሣ፣ ሁለት ዓይንና ሁለት ጆሮ የሚያሳይ ነው። ቀበሌ መታወቂያ የሚሰጠው ለጻድቃን ብቻ ነው ማለት ነው (ቀበሌው ይህን ስለ ራሱ የሚያውቅ አይመስልም)። ከጉርዶቹ በላይ በትልቁ ታትመው የተሰቀሉት ሙሽሮች ግን እርስ በርስ እየተያዩ ነው የተነሡት። አንድ ዓይን ለእሱ፣ አንድ ዓይን ለእሷ። ካህኑ ባርከው የሸኟቸውን ጥንዶች ፎቶ አንሺው «ተያዩ» በሚል አንዲት ቃል ከይሁዳ ጎን አሰልፏቸዋል።

የባሰው ምግብ ቤት ግድግዳ ላይ ነው። በየቦታው የሚሰቀለው የመጨረሻው ራት ፖስተር ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ በ1490ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሚላኖ ውስጥ የሣለው ነው። ከግራ ጫፍ ያለው ሐዋርያ በጎኑ፣ ከቀኝ ጫፍ ያለውም በጎኑ፣ ይባስ ብሎ ጴጥሮስ ራሱ በጎኑ። በጎንደር ሕግ ያደጉ እናት ከፊቱ ቆመው «ኧረ ይሄ ሁሉ ይሁዳ!» ቢሉ ቆጠራቸው እንከን የለውም። ሊዮናርዶን እያደነቀ ያደገ ምሁር ደግሞ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብቶ «ሰው ሁሉ ለምን ያፈጥብኛል?» ይላል። ከሁለቱ ማን እንደተሳሳተ ለመወሰን ተጨማሪ በጀት ያስፈልጋል።

ፈረስ ከሕጉ ነጻ ነው። የቅዱስ ጊዮርጊስ ነጭ ፈረስ በጎኑ ስለተሣለ ክፉ ስም የሰጠው የለም። የመጣበትን ጉዳይ ሁሉም ስለሚያውቅ ይሆናል።

ጥናቱን ያናጋው ግን ገንዘብ ነው። አፄ ምኒልክ ፓሪስ ባስቀረጹት ብር ላይ ዘውድ ደፍተው በጎናቸው ነው የሚታዩት። ከእሳቸው በፊት ደግሞ ጠገራዋ ነበረች፤ የኦስትሪያዋ ማሪያ ቴሬዛ፣ ዓመተ ምሕረቷ 1780 (እ.ኤ.አ.) ላይ የቀረ፣ እሷም በጎኗ። የጎንደርና የሱዳን ቅፍለት በጭልጋ በኩል ሲወጣና ሲወርድ ንግዱ በእሷ ነበር። ነጋዴው ምስሏን ከማንኛውም ሐያሲ አብልጦ መርምሯል፤ የራስ ጌጧን ዕንቁዎች አንድ በአንድ ይቆጥር፣ የትከሻዋን ጌጥ በአውራ ጣቱ ይዳብስ፣ ከፈዘዘበት ይመልሳት ነበር። ዓይኗን ቆጥሮ አልቀበልም ያለ ነጋዴ ግን እስካሁን አላገኘንም።