የዶላር ሊቃውንት

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ሰኞ ጠዋት፣ ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪውን ዋጋ ለገበያ ለቀቀው። በዚያን ቀን ግቢያችን ውስጥ ዶላር በእጁ ይዞ የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም። በሳምንቱ ግን ሁላችንም ኢኮኖሚስት ሆነን አረፍነው። "እንዴት አደራችሁ?" ቀርቶ "ዛሬ ስንት ገባ?" ሆነ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዓመቱ ሳይዞር 130ን አልፎ ሄደ፤ እኛም ቡና ላይ "ገና ነው!" እያልን ራሳችንን ነቀነቅን። ምኑ ገና እንደሆነ የጠየቀ የለም።

አይኤምኤፍ 3.4 ቢሊዮን ዶላር ማጽደቁ ሲሰማ የዕቁባችን ዳኛ "በአራት ዓመት ተከፋፍሎ ነው የሚሰጠው" ብለው አስረዱን። እሳቸው ራሳቸው ዕቁብ ከጣሉ ሁለት ሳምንት አልፏቸው ነበር።

ጉሊት ወረድኩ። ጎመኑ አድሮ ጨምሯል።

"ምነው እማማ?"

"ዶላር ጨምሮ ነዋ፣ ልጄ።"

"ጎመኑ ከአሜሪካ ነው እንዴ የመጣው?" አልኩ፣ ገበያተኛው እንዲስቅልኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ። ሳቁልኝ። እማማ ጎመናቸውን ውሃ እየረጩ፣ "ጎመኑስ ከዚሁ ከቡራዩ ነው። የጫነው አይሱዙ ግን ናፍጣ ነው የሚጠጣው" አሉ። አሁን ደግሞ በእኔ ተሳቀ። በ2017 የቤንዚን ሊትር 101 ብር ሲያልፍ ትዝ ያሉኝ እሳቸው ናቸው፤ ከእኛ ግቢ ሊቃውንት ሁሉ ነገሩ የገባቸው።

አሜሪካ ያለው ታናሽ ወንድሜ በዓል በመጣ ቁጥር 100 ዶላር ይልክልኛል። ለእንቁጣጣሽ በአዲሱ ምንዛሪ አባዝቼ፣ በጉን በሐሳቤ አርጄ፣ ቆዳውን ሁሉ ሸጬ ነበር። ገንዘቡ መጣ፤ 50 ዶላር። ሲመነዘር ያው የድሮው ብር። ለካ እሱም ማባዛት ያውቃል።

የዘይቱን ነገር ባልናገር ደስ ይለኝ ነበር። ሸቀጥ የደበቁ ነጋዴዎች ሱቅ ሲታሸግ በቴሌቪዥን እያየሁ "ስግብግብ ሁላ!" ብዬ ተራግሜያለሁ። የተራገምኩት አልጋዬ ላይ ቁጭ ብዬ ነው። ከአልጋው ሥር ባለ አምስት ሊትር ጀሪካን አራት አለ። እንዳልጠረጠር ደግሞ ስኒ ይዤ ጎረቤቴ ዘንድ ሄድኩ።

"አንቺ፣ ትንሽ ዘይት አበድሪኝ፤ ጠብ የሚል የለኝም።"

"ውይ! እኔም እኮ ካንቺ ልበደር ልመጣ ነበር" አለችኝ።

አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። እግሬን ወደ ኋላ ሰብሰብ ሳደርግ ተረከዜ ጀሪካን መታ። ሙሉ ነው፤ ድምፁ ያስታውቃል። እኔም ዝም፣ እሷም ዝም። ከዚያ ቡና አፈላችልኝ።

የእኔ አራቱ ጀሪካን ፋሲካን አላዩም፤ አለኝ ብዬ ሳልሳሳ ስጠብስ ነበር። የእሷን አላውቅም። እስካሁን አልጠየቅኳትም።