ተማሪን ከነዕዳው ለማስመረቅ የወጣ አዋጅ

ዕውቀት ብርሃን መሆኑ በየትምህርት ቤቱ አጥር ላይ ተጽፎ የሚገኝ በመሆኑ፤ መብራት ደግሞ ቆጣሪ ያለው በመሆኑ፤

ጃንሆይ በ1954 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሲከፍቱ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ከነግቢው የለቀቁ ቢሆንም፣ የዛሬዎቹ ቤተ መንግሥቶች ገሚሱ በሥራ ላይ፣ ገሚሱ በትኬት የሚጎበኝ ስለሆነ ለልገሳ የሚተርፍ ባለመገኘቱ፤

በነጻ በልተው፣ በነጻ አድረው፣ በነጻ ተምረው ለወግ ለማዕረግ የበቁ አባቶች ነጻ ነገር ተማሪን እንደሚያሰንፍ ዘግይተው የተረዱ በመሆኑ፤ ይህንንም በ1995 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 351 እና በወጪ መጋራት ደንብ ቁጥር 91 ያጸኑት በመሆኑ፤

የቀረችውን ቀዳዳ መድፈን አስፈላጊ ሆኖ በመገኘቱ፣ እንደሚከተለው ታውጇል።

1. አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ “ብላ፣ ተማር፣ ክፈል” ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። ቅደም ተከተሉን መቀየር ያስቀጣል።

2. ስለ ሽሮና ስለ መምህር

ነባሩ ደንብ ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ወጪ ሙሉ በሙሉ፣ የትምህርቱን ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶ እንዲሸፍን ያዛል። ይህ እንደተጠበቀ ይቆያል። ምክንያቱም መምህሩ ያስተማረው ከተማሪው ራስ ምን ያህሉ እንደገባ በእርግጠኝነት ማወቅ አይቻልም፤ ሽሮው ግን ገብቷል።

ለአንድ ተማሪ በቀን 22 ብር ተመድቦ ቁርስ፣ ምሳና እራት ሲቀርብባቸው የነበሩ ዓመታት በታሪክ ይመዘገባሉ። በነዚያ ዓመታት ካፌውን ያስተዳደሩ ወጥ ቤቶች ያለ ተጨማሪ ፈተና በኢኮኖሚክስ ትምህርት ክፍል በተባባሪ ፕሮፌሰርነት ይቀጠራሉ። ምስሩን ከውሃው የለዩ ተማሪዎች ደግሞ የጂኦሎጂ ክሬዲት ይያዝላቸዋል። በጀቱ ወደ 100 ብር ከፍ ካለ ወዲህ በወጡ ውስጥ የታየ ማናቸውም ለውጥ በጽሑፍ ለዲኑ ይቀርባል።

3. ስለ ውሉ

ፍሬሽማኑ በሬጅስትራር መስኮት ፊት ተሰልፎ፣ ፍራሹን በአንድ እጁ፣ ፎቶውን በሌላ እጁ ይዞ፣ “እዚህ ጋ ፈርም” ሲባል የወጪ መጋራት ውሉን ይፈርማል። በዩኒቨርሲቲ ቆይታው ሳያነብ ከሚያልፋቸው ጽሑፎች የመጀመሪያው ይኸው ይሆናል።

ተመርቆ ሥራ ሲያገኝ ከደመወዙ ቢያንስ 10 በመቶ በየወሩ ይቆረጣል። ግብሩ፣ ጡረታው፣ ለዚህም ለዚያም የሚባለው መዋጮ ከተቆረጠ በኋላ የተረፈው ደመወዝ ይባላል።

ሥራ ያላገኘ ምሩቅስ?  በዚህ ዝም አንልም፦ እናቱ በየጠዋቱ ከመቀነቷ ፈትታ ከምትሰጠው የታክሲ ብር ላይ 10 በመቶ ይቆረጣል፤ የታክሲው ረዳት ሰብስቦ ገቢ ያደርጋል። በእግሩ የሚሄድ ምሩቅ ግብር እንደሸሸ ይቆጠራል።

መምህር የሆነ ግን ዕዳውን በአገልግሎት ይከፍላል። ከዚያ በኋላ ለእሱ ማን እንደሚከፍለው በመመሪያ ይወሰናል።

4. ስለ ኦሪጅናል

ዕዳው ተከፍሎ እስኪያልቅ ኦሪጅናል ዲግሪውና ትራንስክሪፕቱ በመዝገብ ቤት ይቆያሉ። ምሩቁ ቴምፖ የሚባለውን ጊዜያዊ ማስረጃ ይዞ ይሄዳል።

ቴምፖውን በፕላስቲክ አስለብጦ፣ በየማስታወቂያ ሰሌዳው እየዞረ፣ አንድ ቀን ደህና ደመወዝ ያለው ቦታ ያገኛል። ቀጣሪው ኦሪጅናል አምጣ ይለዋል። መዝገብ ቤቱ ዕዳህን ከፍለህ ና ይለዋል። ዕዳውን እንዳይከፍል ሥራው የለም፤ ሥራው እንዳይኖር ኦሪጅናሉ የለም። ውጭ አገር ነጻ የትምህርት ዕድል ያገኘችውም እንዲሁ፤ ዕድሉ ነጻ ነው፣ ማመልከቻው ላይ የሚያያዘው ወረቀት ግን መያዣ ነው። አርቃቂ ኮሚቴው ይህን ጉዳይ ሦስት ጊዜ አንስቶ ሦስቱንም ጊዜ ለሻይ ተነስቷል። (ከአባላቱ አንዷ፣ ሰውየው ከነወረቀቱ ሄዶ ሠርቶ ቢከፍል ብዙ እንደሚከፍል ጠቁማ ነበር። ሐሳቡ ቀላል ስለሆነ ለተጨማሪ ጥናት ተመርቷል።)

5. ስለ ቆሎ ተማሪ ሥርዓት መመለስ

መንግሥት አንዲት ሳንቲም ሳያወጣ የዜማ ቤቱ፣ የቅኔ ቤቱና የመጻሕፍት ቤቱ ለዘመናት ሊቅ ሲያፈሩ ኖረዋል። የወሎ ደረሳም ቢሆን በጀት ጠይቆ አያውቅም፤ በየመንደሩ ደግ እጅ እየተረዳ ኪታቡን ዘልቋል። እንዲህ ያለ የከበረ አገር በቀል የፋይናንስ ሥርዓት እያለ የውጭ ብድር መጠየቅ ነውር ነው።

ስለዚህ ከሁለተኛ ዓመት በላይ ያለ ማንኛውም ተማሪ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ ይዞ፣ በየበሩ “በእንተ ስማ ለማርያም” ወይም እንደ እምነቱ የሚስማማውን እያለ ወጪውን ይሸፍናል። አኩፋዳው ላይ የቴሌብር ኪውአር ኮድ ይለጠፋል፤ “ዝርዝር የለኝም” ማለት ቀርቷል።

በሙከራ ትግበራው ወቅት ጥቂት እንቅፋቶች ታይተዋል። የሪል ስቴት ዘበኞች ቀጠሮ አለህ ወይ ብለው ጠይቀዋል። በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ድረስ የወጣ የሲቪል ኢንጂነሪንግ ተማሪ በሩን የከፈተለት የራሱ መምህር ሆኖ ተገኝቷል፤ እሱም ለተመሳሳይ ጉዳይ ሊወጣ ነበር። ውሻ የነከሰው ተማሪ የሕክምናውን ወጪ ከውሻው ጋር ይጋራል።

6. ስለ ራስ ገዝነት

ራስ ገዝ የሆነ ዩኒቨርሲቲ ገቢውን በራሱ ያመነጫል። የአማርኛ ትምህርት ክፍል የሠርግ ጥሪና የሽምግልና ንግግር ይጽፋል፤ አዳራሹ ለሠርጉ ይከራያል። የፍልስፍና ክፍል ምን እንደሚሸጥ ኮሚቴው አላወቀም። ክፍሉም ጥያቄው ራሱ መጠየቅ አለበት የሚል መልስ ልኳል።

7. ስለ ቁጠባ

ከፍተኛ ትምህርትን በርካሽ ለማቅረብ ከተሞከሩት መንገዶች ሁሉ ውጤታማው ተማሪ እንዳይገባ ማድረግ ሆኖ ተገኝቷል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ግማሹን ነጥብ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህን ያህል ወጪ በአንድ ፈተና ያዳነ የገንዘብ ሚኒስትር በዓለም ላይ የለም። ሬሜዲያል የሚባለው ፕሮግራም ባይከፈት ኖሮ ካዝናው ሞልቶ ነበር። ትምህርት ቤቶች አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ምን ሲያስተምሩ ነበር የሚለው ጥያቄ የዚህን አዋጅ ወሰን ያልፋል።

8. የተሻሩ ሕጎች

ከዚህ አዋጅ ጋር የሚቃረን ማንኛውም ደንብ፣ መመሪያ፣ ልማዳዊ አሠራር ወይም የእናት ምክር ተፈጻሚነት አይኖረውም።

9. አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ በነጋሪት ጋዜጣ ታትሞ ከወጣበት ቀን ጀምሮ የጸና ይሆናል። የማተሚያውን ወጪ የዘንድሮ ተመራቂዎች ይጋራሉ። እስኪከፍሉ ድረስ የአዋጁ ኦሪጅናል በመዝገብ ቤት ይቆያል፤ ለሕዝቡ ቴምፖው ይሰጣል።