ጉዳዩ፦ የበጌምድርን ታሪክ አቅልሎ ስለመሥራት የቀረበ አቤቱታ

ለፓራዶክስ ኢንተራክቲቭ ኩባንያ
ስቶክሆልም፣ ስዊድን



ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደተሞከረው፣ «ክሩሴደር ኪንግስ» የምትሉትን ጨዋታ የእኛ ልጆች ሌሊቱን እያነጉበት ነው። ስንት ከፍለው እንደሆነ ባትጠይቁን ደስ ይለናል። እዚህ አገር ጨዋታ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ የሚገለበጥ እንጂ በዶላር የሚገዛ ነገር አይደለም። እናንተም ዛጉዌን፣ ሰሎሞናውያንን፣ የሰሜንን የቤተ እስራኤል ገዢዎች ሳይቀር ካርታችሁ ላይ ስታሰፍሩ የማንንም ፈቃድ አልጠየቃችሁም። ሒሳቡን ተካክሰናል ብለን እንለፈው።

እኔ የበጌምድር ሰው ነኝ፦ በአባቴ ጋይንት፣ በእናቴ ስማዳ፣ በጋብቻ እስቴ። በእናንተ ጨዋታ ሕግ ሦስት አገር ላይ «ይገባኛል» ማለት እችላለሁ። በእኛ አገር ሕግ ግን ሦስት ቦታ ለቅሶ መድረስ አለብኝ ማለት ነው።

ደብዳቤ መጻፌም አይግረማችሁ። «እንዲህ ቢሆን ኖሮ» የሚባለውን ታሪክ የጀመራችሁት እናንተ አውሮፓውያን ናችሁ። እ.ኤ.አ. በ1165 ገደማ ቄሱ ንጉሥ ዮሐንስ የሚባል የምሥራቅ ኃያል ጻፈው የተባለ ደብዳቤ አገራችሁን አጥለቀለቀው። ንጉሡም አልነበረ፣ ደብዳቤውንም አልጻፈ። ይህ ግን ፓፓ እስክንድር 3ኛን አላገዳቸውም፤ በ1177 መልስ ጻፉለት፣ ሐኪማቸውን ፊሊጶስን መልእክተኛ አድርገውም ሰደዱት። ሐኪሙ የውሃ ሽታ ሆኖ ቀረ። ኋላ ያንን ንጉሥ ፍለጋችሁ እኛ ደጃፍ ላይ ነው ያበቃው። እንግዲህ ላልተጻፈው ደብዳቤ መልስ የሰጠ ሕዝብ፣ የተጻፈውን እንደማይንቅ ተስፋ አለኝ።

ደግሞም ስዊድንና እኛ ባዕድ አይደለንም። ከጣሊያን ወረራ በፊት የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት አሠልጣኞች የእናንተ መኮንኖች ነበሩ። ከነፃነት በኋላም አየር ኃይላችንን ያደራጀው ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ነው። ድሮ የእውነቱን ጦርነት ታስተምሩን ነበር፤ ዛሬ የውሸቱን ላካችሁልን። መሻሻል ነው።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ፦ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. ከ867 ወይም ከ1066 ተነስቶ አንድ መስፍን ይመረጣል። ያገባል፣ ይወልዳል፣ ይሾማል፣ ይመርዛል፣ ይሞታል። ከዚያ ተጫዋቹ ልጁን ሆኖ ይቀጥላል፤ እንዲህ እንዲህ እያለ ዘሩ እስከ 1453 ይጓዛል። ጨዋታው በታሪክ ያልሆነውን ሁሉ ስለሚፈቅድ፣ አንድ የማውቀው የእስቴ ልጅ በዛጉዌ ስም ተነስቶ ግብፅን ያዘ፣ ሮምን ያዘ፣ በመጨረሻም ወደ እናንተ ዘለቀና ኡፕሳላ ላይ ደጃዝማች ሾመ። ሹሙን ስማዳ ብሎ ሰየመው። ሹሙ በመጀመሪያው ክረምት ታሞ ሞተ። የሞቱን ምክንያት ኮምፒውተሩ አንድ ነገር ብሎ ጽፏል፤ እኛ ግን ሽሮ አጥቶ ነው ብለናል።

ልጆቹ በዚህ ይስቃሉ፣ «የማይሆን ነገር ሆነ» ይላሉ። የእኔ አቤቱታ እዚህ ላይ ነው። የማይሆን ነገር የምትሉት ሁሉ በጌምድር ላይ ከመሆን አልፎ አርጅቷል።

መጀመሪያ ማብቂያችሁን እንይ። ጨዋታው 1453 ላይ የሚዘጋው ቁስጥንጥንያ በቱርክ እጅ ስለወደቀች ነው። አዝነናል። ነገር ግን በዚያ ዓመት ዘርአ ያዕቆብ ዙፋኑ ላይ ነበሩ፤ ገና 15 ዓመት ይገዛሉ። የግሪኮች ከተማ ስለተሰበረች የእኛ ንጉሥ ለምን ኮምፒውተር ይዘጋባቸዋል? ይህ ጎረቤት ቤቱ ሲቃጠል የእኔን ሠርግ እንደማስቆም ነው።

ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1270 ጋይንት ምን እንደደረሰ ማንም አልነገራችሁም መሰለኝ። ትውፊቱ እንደሚለው የዛጉዌ የመጨረሻው ንጉሥ ሸሽቶ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ገባ፤ ይኩኖ አምላክ ተከትሎት ገባና እዚያው ገደለው። ቂርቆስ ያለው ጋይንት ነው! አንድ ሥርወ መንግሥት ያለቀው፣ ሰባት መቶ ዓመት የተወራለት ሌላው ሥርወ መንግሥት የጀመረው በእኛ መቅደስ ነው። የሟቹን ስም እንኳ የታሪክ ጸሐፊዎች ሸፋፍነውት፣ አንዱ ይትባረክ ይላል፣ ሌላው ነአኩቶ ለአብ። ገዳዩ ደግሞ፣ ሲተረት፣ ጌታው ያሳረደውን የአውራ ዶሮ ጭንቅላት በልቶ ነው ለንግሥና የበቃው። እናንተ ጨዋታው ላይ መርዝና የተሳለ ሰይፍ ታድላላችሁ፤ አንድ ዶሮ ወጥ ግን አልጨመራችሁም።

ልጆቻችንን እንቅልፍ የሚነሳቸው የውርሱ ሕግ ነው። አባት ሲሞት ግዛቱ ለወንዶች ልጆች ይሸነሸናል፣ ወንድማማቾች ይዋጋሉ። ተጫዋቹ ታናሽ ወንድሙን ያስመርዛል፣ ሌላውን ያመነኩሳል፣ ሦስተኛውን ያስራል፣ በመሃል ጭንቀቱ ጣራ ነክቶ ንጉሡ ራሱ ያብዳል። አባቶቻችን ይህን በአንድ አምባ ጨርሰውታል። ወንድም፣ አጎት፣ የአጎት ልጅ ሁሉ ግሸን አምባ ላይ ወጥቶ ይቀመጣል፣ በሩ ይጠበቃል። ዙፋኑ ባዶ ሲሆን መኳንንቱ ወጥተው የወደዱትን ያወርዳሉ። የወረደው ባያምራቸውስ? ተራራው ላይ መለዋወጫ ሞልቷል።

በእናንተ ጨዋታ የንጉሡ ቄስ ማስረጃ ፈጥሮ ለጌታው የሰው አገር ያሰጣል። ይህንን ሳይ እስቴ የኖራችሁ መስሎኝ ነበር። እኛ ዘንድ ርስት በእናትም በአባትም እስከ አቅኚው አባት ይቆጠር ነበር። እስከ 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ድረስ አንድ ብልህ ሰው በአንዲት ቅድመ አያት በኩል ሁለት ደብር ርቆ ማሳ ያገኝ ነበር። እናንተ ጋ ቄሱ የፈጠረው ማስረጃ ላይ ክርክር የለም፤ ጦር ይዘምታል፣ አለቀ። እኛ ጋ ክርክሩ ልጅ ወልዶ ልጁም ይከራከርበታል። ስለ ቄስ ካነሳን አይቀር፣ ጨዋታችሁ ላይ ልጅ 16 ዓመት ሲሞላው ተምሮ ይጨርሳል። ጋይንት ቤተልሔም ድረስ ሄዳችሁ፣ ቁራሹን ለምኖ ውሻ ተከላክሎ ድጓ የሚቀጽል የቆሎ ተማሪ በ16 ዓመቱ ምን ላይ እንዳለ ጠይቁት። ዙር አምባ ዝማሬ መዋስዕት ሊያስመሰክር ያሰበማ ቢያንስ ጢሙን ያብቅል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፤ ዘመነ መሳፍንት።

በ1834 ዓ.ም. ደጃዝማች ውቤ ከትግራይና ከሰሜን ተነስተው፣ ጳጳሱን አቡነ ሰላማን ይዘው፣ «አሊ እስላም ነው» እያሉ ደብረ ታቦር ላይ ራስ አሊን ገጠሙ። ውቤ አሸነፉ። አሊ ፈረሳቸውን ኮርኩረው ሸሹ። ድል አድራጊው ድንኳናቸው ውስጥ ተቀምጠው ድሉን ሲያከብሩ፣ የአሊ ወገን የሆነው ብሩ አሊጋዝ ድንገት ደርሶ አሸናፊውን ማርኮ አሰረ። ልብ አድርጉልኝ፦ ያሸነፈው ታሰረ፣ የተሸነፈው ደግሞ ማሸነፉን አላወቀም፤ ገና እየሸሸ ነው! ሰው ተልኮ «ጌታዬ ይመለሱ፣ አሸንፈዋል» መባል ነበረባቸው። በእናንተ ጨዋታ ጦርነት ሲያልቅ አንድ ወረቀት ብቅ ይላል፣ አሸናፊና ተሸናፊ ተለይቶ። እንዲህ ያለ ወረቀት ደብረ ታቦር ላይ ማን ይፈርምበታል?

ጋብቻ ሰላም ያመጣል የሚለው ሕጋችሁም እዚህ አልሠራም። ቋረኛው ካሣ፣ ኋላ አፄ ቴዎድሮስ የሆነው፣ ይገራ ተብሎ የራስ አሊ ልጅ ተዋበች ተዳረችለት። ካሣ የሚስቱን አያት እቴጌ መነንን ማረከ፤ በሰኔ 1845 ዓ.ም. ደግሞ አይሻል ላይ አማቱን አሸንፎ የእነ አሊን የየጁ መንግሥት ዘጋው። ተዋበች ግን ከባሏ ጋር ነበረች። በጨዋታችሁ ቀመር ይህች ሴት ስንት ነጥብ ታገኛለች?

ስለ አፄ ተክለ ጊዮርጊስም ላንሳ፤ ፊተኛውን ማለቴ ነው፣ ፍጻሜ መንግሥት የተባሉትን። ስድስት ጊዜ ነገሡ። ስድስት ጊዜ ለመንገሥ አምስት ጊዜ መውረድ ያስፈልጋል፤ መሳፍንቱም በዚህ በኩል አልሰነፉም። ስለ ሹመት ካነሳን፣ አንድ ጨዋታችሁ ላይ ፈረስ የመንግሥት አማካሪ ሆኖ ተሾመ ብለው ልጆቹ ከወንበር እስኪወድቁ ሲስቁ አይቻለሁ። እኛ ፈረስ አልሾምንም፤ ጌቶቻችንን ግን በፈረስ ስም ነበር የምንጠራቸው። ራስ አሊ አባ ቡላ፣ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ። ማን ማንን ጋለበ የሚለውን ለእናንተ ትቼዋለሁ።

መድፋችሁም ክንፍ አለው። ከባድ መድፍ ከሠራዊቱ ጋር እኩል ተራራ ይወጣል። ለአፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ የተሠራው ሴባስቶፖል ወደ 7 ቶን ይመዝን ነበር። በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነስቶ በጋይንት፣ በጨጨሆ በኩል መቅደላ ለመድረስ ስድስት ወር ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው። በመቶ የሚቆጠር ሰው በጠፍር ይጎትታል፤ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ድንጋይ እየፈነቀሉ መንገድ ይጠርጋሉ። ተጎትቶ ተጎትቶ ቢደርስም የተፈለገውን አልሠራም። ጨጨሆን ዛሬ በአስፋልት የሚያልፍ መንገደኛ በመስኮት ገደሉን አይቶ ያማትባል፤ ያኔ ግን ያንን ነገር ጠፍር ትከሻው ላይ አድርጎ ያወጣው ሰው ነበር።

አውሮፕላን ደግሞ አለን። የመካከለኛው ዘመን ጨዋታ ውስጥ አውሮፕላን አይገባም ትሉ ይሆናል። ራስ ጉግሣ ወሌም እንደዚያው ነበር ያሰቡት። ሚስታቸው ዘውዲቱ ንግሥተ ነገሥታት ሲሆኑ እሳቸው ከአልጋውም ከዙፋኑም ርቀው በጌምድርን እንዲገዙ ተላኩ። ባልን ከሚስቱ ለይቶ አንድ ክፍለ ሀገር መካሻ መስጠት፤ ይህችን ሕግ ብትጨምሯት አትከስሩም። በ1922 ዓ.ም. ከንጉሥ ተፈሪ ጋር ተጣሉ። መጋቢት 22 ቀን አንቺም ላይ ጋሻና ጦር፣ ምንሽርና ውጅግራ የያዘው የበጌምድር ሰው ተሰልፎ ሳለ ሰማዩ ጮኸ። ከጦርነቱ በፊት ወረቀት ነበር ያዘነበው፤ ራስ ጉግሣን የሚያወግዝ ወረቀት። ቀጥሎ ቦምብ ዘነበ። ራስ ጉግሣ በዚያው ቀን ወደቁ፣ ንግሥቲቱም ከሁለት ቀን በኋላ አረፉ። ልጆቻችን ይህንን ጨዋታ ላይ ቢያዩት «ቺት ነው» ይሉ ነበር።

እስካሁን የነገሩን ቀልድ ነበር የነገርኳችሁ። ዋናው አቤቱታዬ ግን ሌላ ነው።

ካርታችሁ ላይ መስፍን ፊት አለው፣ አፍንጫ አለው፣ ጠባይ አለው። ባላገሩ ቁጥር ነው፤ ይህን ያህል ዘማች፣ ይህን ያህል ግብር። ሲመርረው ብቻ ቀይ ምልክት ሆኖ ይነሳል፣ በማውስ ተጭነው ያጠፉታል። በዘመነ መሳፍንት ወታደር ደመወዝ አልነበረውም፤ ደመወዙ የገበሬ ቤት ነው። ማምሻውን ጋሻ ያነገተ ሰው በሩን ገፍቶ ይገባል፤ ጋሻውን ምሰሶው ላይ ይሰቅላል። ጠላው ቀጠነ ብሎ ይቆጣል። ለበቅሎው ገብስ ሲጠይቅ የቤቱ ሴት «የዘር ናት» ትላለች። በቅሎ ዘርና ቀለብ አትለይም። ሳምንት ሳይሞላ ሌላ ራስ ያሸንፋል፣ ሌላ ጋሻ እዚያው ምሰሶ ላይ ይሰቀላል፣ የዘሯ ገብስ ግን ቀድሞ አልቋል። ስለ ድሮ ነው የማወራው። ሌላ ነገር የሚሰማው ካለ የራሱ ጆሮ ነው።

እናንተን ብቻ አልወቅስም። የእኛ ልጆችም ጨዋታውን ሲከፍቱ ገበሬ ልሁን ያለ አላየሁም። ልጆቹን ምን አደርጋቸዋለሁ፣ ትልልቆቹም እንደዚያው ናቸው። በአገሬ ዘሩን ቆጥሮ ንጉሥ ጋ ያልደረሰ ሰው አላጋጠመኝም። አንዱ በፋሲል፣ አንዱ በላሊበላ፣ አንዱ በየጁ ራሶች በኩል ይገባል፤ እኔም ብትገፉኝ በአያቴ በኩል አንድ ደጃዝማች አላጣም። ታዲያ ሁላችንም የመሳፍንት ዘር ከሆንን፣ ያንን ሁሉ ጤፍ ማን አረሰው?

ስለሆነም ለቀጣዩ እትማችሁ አንድ ተጫዋች እንዲጨመርልን በትሕትና እንጠይቃለን፤ አርብ ገበያ አጠገብ ሁለት በሬ ያለው ሰው። ግቡ ቀላል ነው፦ ከ867 እስከ 1453 ዘሩን ሳይበላ ማድረስ። ጠላቶቹ ቀሪዎቹ ተጫዋቾች በሙሉ ናቸው። የችግር ደረጃውን «ከባድ» ብላችሁ አትልፉት፤ «በጌምድር» በሉት። የኡፕሳላውን ሹመትም ለስማዳ ሰዎች እንደያዛችሁልን ይቆይ፤ ሽሮ ይዘው ይሄዳሉ።

ምላሻችሁን ስትጽፉ ቀኑን በእኛ አቆጣጠር አድርጉት። በእናንተ ከጻፋችሁት መዝገብ ቤት ያሉት ልጆች «ይህ ገና ሰባት ዓመት ይቀረዋል» ብለው ወደ ታች መሳቢያ ይከቱታል።

ከሰላምታ ጋር
የጋይንትና የስማዳ ተወላጅ፣ የእስቴ አማች
(ማኅተም፦ በሥራ ላይ)